ሦስት ፊርማ እስኪሟላ ታሽጎ ስለቆየው ሰርቨር

ለተከበሩ አቶ ፈይሳ
የአደራ ንብረት ማስቀመጫዎች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ የቢሮዎ ማኅተምና የማኅተሙ ቀለም ሳይቀር በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ምኞቴ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነው ሰርቨሬ ነው፤ እሱም ቢሆን በጽሕፈት ቤትዎ ሰነድ ላይ ደኅና ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ከዓይኔ ይልቅ ሰነዱን ማመን እየተለማመድኩ ነው።

ስሜ ትህትና ዋቅጅራ ይባላል። ሄርማታ ከገበያው ጀርባ፣ በሸኩር ልብስ ስፌት ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሰርቨር እየተከልኩና እየተንከባከብኩ እኖራለሁ። ሥራውን የተማርኩት ከተጣለ ዕቃ ነው። አንድ ፕሮጀክት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ቆሻሻ ብሎ ያወጣውን ሳጥን ከነመመሪያው ወሰድኩት፤ የመመሪያው የመጀመሪያ ገጾች ቆሎ መጠቅለያ ሆነው ስላለቁ መጀመሪያውን በግምት፣ መጨረሻውን በንባብ አወቅሁት። ይህን የምጽፍልዎ ለመመካት ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የማነሳቸው ነገሮች ካልተማረ ሰው የመጡ ናቸው ብለው በቀላሉ ማለፍ እንዲችሉ ለማገዝ ነው።

በአደባባይ መጻፌም እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ትናንት ባስፈረመኝ የርክክብ ቅጽ ላይ «የተረካቢ አስተያየት» የሚለው ቦታ ርዝመቱ አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው፤ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። የተረፈውን እዚህ አስፍሬዋለሁ። አስተያየቴ በሙሉ ምስጋና ሲሆን፣ ለማንበብ እንዲመችዎ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩. ስለ ምርመራው

ጥቅምት 18 ቀን ጠዋት ሦስት የኮሚቴ አባላትዎ በእግራቸው እዚህ ድረስ መጥተው ስለጎበኙን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ፈቃድ ለማውጣት ሦስት ዓመት ስመላለስ «ይህን የሚመለከት ክፍል የለም» እየተባልኩ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የሚመለከተው ክፍል አንድ ቀን ራሱ በሩን አንኳክቶ መግባቱ አስደስቶኛል።

ኮሚቴው ይዞት የመጣው ቅጽ ለቡና መጋዘን የተዘጋጀ መሆኑን በአክብሮት አመልክቼ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ሙርሺድ ግን መመሪያው «የሌላን ሰው ንብረት በአደራ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ማንኛውም ሰው» እንደሚል፣ ጅማ ውስጥ ደግሞ ሰው በአደራ የሚያስቀምጠው ንብረት ቡና መሆኑ እንደሚታወቅ፣ ስለዚህ ሌላ ቅጽ ማሳተም እንዳላስፈለገ አስረዱኝ። በዚሁ መሠረት ሁለት ዳቦ ለማታክል ሳጥን የጣሪያው ከፍታ ተለካ፤ ጆንያ የሚያርፍበት የጣውላ ርብራብ ተፈለገ፤ የአይጥ መከላከያዬ ምን እንደሆነ ተጠየቅሁ። ምን ያህል ትይዛለች ተብዬ ስምንት ቴራባይት ብል፣ ቅጹ ከኩንታል ሌላ ስለማያውቅ ስምንት ኩንታል ተብሎ ተሞላ። ቀጣዩ ጥያቄ «የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ?» የሚል ነበር። እኔ ከመመለሴ በፊት ሸኩር ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «ወላሂ ያልታጠበ በሉ! ይቺን ውሃ ከነካት አለቀላት» አለ፤ አቶ ሙርሺድም ስለ ትብብሩ አመስግነውት ያልታጠበ ብለው ጻፉ። እንግዲህ በመዝገብዎ ላይ የሚገኘው የሄርማታው ስምንት ኩንታል ያልታጠበ ቡና የት ገባ ተብለው ወደፊት ቢጠየቁ መልሱ ይኸው ነው።

፪. ስለ እሽጉ

ርብራብ ስላልተገኘ ክፍሉ ታሸገ። በበሩ መጋጠሚያ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ሦስቱም አባላት ፈረሙበት፤ ማኅተም አረፈበት። ሳጥኗ እንደበራች፣ ሶኬቷ እንደተሰካ ቀረች፤ መንቀል ንብረቱን ከነበረበት ሁኔታ መለወጥ ይሆናል ተብሏልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ባስረዳዎ ይፍቀዱልኝ። በሳጥኗ ውስጥ ሁለት ሀርድ ዲስኮች አሉ፤ ሁለቱም ያንኑ አንድ ነገር ይጽፋሉ። አንዱ ቢሞት ሌላው ብቻውን ይሸከማል፤ እኔ የሞተውን አውጥቼ አዲስ ስተካበት ደግሞ የተረፈው የያዘውን ሁሉ ለአዲሱ ያስተላልፋል። ከእነዚህ ሌላ ሦስተኛ ዲስክ አለ፤ እሱ የሚያድረው ቤቴ ነው። በወሩ አሥራ ስምንተኛ ቀን ይዤው መጥቼ ከሳጥኗ ጋር አገናኘዋለሁ፣ ሁሉንም እገለብጥበታለሁ፣ ሲመሽ ይዤው እመለሳለሁ። ሌባ አንዱን ቤት ቢደፍር፣ እሳት አንዱን ቢበላ፣ ሌላው ይተርፋል በሚል ነው። ሌባና እሳት ቀን ጠብቀው አይመጡም፤ ኮሚቴዎ የመጣው ግን ከሠላሳው ቀን በአንዱ፣ ሦስቱም ዲስኮች አንድ ክፍል ውስጥ በተገናኙበት ቀን ነው። ሦስተኛውን ነቅዬ ላውጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱ አባላት አልሰሙኝም፤ የሰሙኝ ሦስተኛው ንብረት ማሸሽ እንደሚሆንብኝ በደግነት አስጠነቀቁኝ።

ወረቀቱ ወረቀት ብቻ መሆኑን ሸኩር በየቀኑ ያስታውሰኝ ነበር። «እህቴ፣ ምላጭ አለኝ። ልቅደደውና ስትጨርሺ መልሼ እሰፋዋለሁ፤ የእኔን ስፌት ማን ያውቅብኛል?» ይለኝ ነበር። እሽግ የቀደደ ምን እንደሚደርስበት በእሽጉ ላይ ተጽፏል፤ የቤቱ ፈቃድ በሸኩር ስም ነው፤ ሸኩር የስድስት ልጆች አባት ነው። እምቢ አልኩት። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ጥፋቶች አንዱ የእኔ ሲሆን፣ እሱም ይህ ነው፤ ወረቀት ፊት ቆሜ ቀረሁ።

፫. ስለ ሦስቱ ፊርማዎች

እሽግ የሚነሣው ያሸጉት ሦስቱ ሰዎች በቃለ ጉባኤ ሲፈርሙ ብቻ መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ በመጀመሪያው ጥያቄዬ፣ ማለትም በአምስተኛው ምልልሴ ነገረኝ። ወቅቱ ቡና የሚለቀምበት ስለሆነ፣ እንደሚያውቁት በነዚህ ወራት የከተማው ቢሮ ሁሉ ወንበሩን ትቶ ሕገወጥ ቡና ለመያዝ ወደ ኬላ ይወርዳል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰኮሩ ኬላ ነበሩ፤ ሁለተኛው አባል አሰንዳቦ ነበሩ፤ ከተማ የቀሩት አቶ ሙርሺድ ብቻ ነበሩ።

አቶ ሙርሺድ «ሰብሳቢውን ቀድሜ ብፈርም ነውር ነው» አሉኝ። በሚኒባስ አሰንዳቦ ሄድኩ፤ ሁለተኛው አባል ሁለቱ ከፈረሙ እሳቸው ምንም ችግር እንደሌለባቸው ነገሩኝ። ሰኮሩ ቀጠልኩ። ሰብሳቢው በኬላው ሸራ ሥር በተያዘ ጆንያ ላይ ወንበር ያህል ቦታ ለቀውልኝ፣ ውሃ አስመጥተውልኝ፣ «እህት፣ ሰብሳቢ እኮ መዝጊያ ነው፤ እነሱ ይፈርሙና እኔ እዘጋዋለሁ» ብለው ሸኙኝ። በአንድ ቀን ሁለት ከተማ አዳርሼ የተመለስኩት ይህን አውቄ ነው፤ ሦስቱም አባላትዎ ሦስተኛ ሆነው ለመፈረም ፍጹም ፈቃደኞች ናቸው።

፬. ስለ ድምፁ

መብራት ሲጠፋ ሄርማታ የሚያደርገውን እርስዎም በቤትዎ ያደርጉታል። መጀመሪያ የፍሪጁ ሶኬት ይነቀላል፤ ቀጥሎ የቴሌቪዥኑ። መብራቱ ሲመለስም ወዲያው የሚሰካ ሞኝ የለም፤ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ብርሃኑ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን «ሰካችሁ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይሰካም። የሳጥኗ ባትሪ ከሩብ ሰዓት በላይ አይችልም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ማረጋጊያዋም እንደ እሷው ከተጣለ ዕቃ የተገኘ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ፋይል ሳይጠፋ የቆየው በመሣሪያ ጥራት አይደለም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬቱን ነቅዬ፣ እስኪረጋ አጠገቡ ቆሜ የምጠብቅ እኔ ስለነበርኩ ነው።

ኅዳር 2 ቀን ከቀትር በኋላ መብራት ሄደ። እንደ ወትሮው ከመደዳው ሱቆች «ንቀሉ! ንቀሉ!» ተባለ፤ ሁሉም ነቀለ። የእኔ ሶኬትም፣ የቤቱ ቆጣሪም ከታሸገው በር ወዲያ ነበሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲመለስ የስፌት ቤቱ አምፖል አንዴ እንደ ቀትር ፀሐይ ቦግ ብሎ ረገበ፤ ወዲያው ከበሩ ኋላ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ያ ድምፅ ለሚያውቀው ሰው ትርጉሙ አንድ ነው፤ አንደኛው ዲስክ ሞቷል፣ ሌላው ብቻውን ነው፣ ቶሎ ድረሱ።

አዲስ ዲስክ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ለጽሕፈት ቤትዎም ኮሚቴው ባለበት፣ ዘበኛ ቆሞብኝም ቢሆን፣ አሥር ደቂቃ ብቻ እንድገባ ማመልከቻ ጻፍኩ። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ለዚህ ፍጥነት የተለየ ምስጋና አለኝ። በማመልከቻዬ ውስጥ «ድምፅ» የሚል ነገር በመገኘቱ ጉዳዩ ወደ ጫጫታ ቅሬታ ክፍል ተመርቶ ኖሮ፣ አንድ ትሑት ወጣት ባለሙያ መለኪያ ይዘው መጥተው፣ በበሩ ፊት ቆመው ለክተው፣ ድምፁ ከተፈቀደው መጠን በታች ስለሆነ ለጆሮዬ እንደማያሰጋኝ በጽሑፍ አረጋገጡልኝ። ጆሮዬ እስካሁን ደኅና ነው።

፭. ስለ መድና

እስካሁን የጻፍኩት ስለ ሳጥን ነው፤ ሳጥን ይተካል። አሁን የማይተካውን ልንገርዎ።

ከአሰንዳቦ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ የቡና አቅራቢዎች ማኅበር አለ፤ መዝገብ ያዡዋ ማሂራ ደንበኛዬ ናት። ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ማወቅ ይፈልጋሉ ስለተባለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኳን ይዛ ከገበሬ ጋር ማሳ ስትዞር ኖራለች። ገበሬው ከፊት እየሄደ ድንበሩን በአፉ ይናገራል፤ እሷ ከኋላው እየተከተለች ትቀርጻለች። ስልኳ ሲሞላ ሄርማታ መጥታ ወደ ሳጥኗ ታራግፍና ከስልኳ አጥፍታ ወደ ቀጣዩ ማሳ ትሄዳለች። «ትህትናዬ፣ አንቺ ጋ ካደረ እኔ ብረሳውም ምን ገዶኝ» ትለኝ ነበር።

ከተቀረጹት ገበሬዎች አንዱ ሙሐዲን ነበሩ፤ ባለፈው ሐምሌ መድና የምትባል ሚስታቸውን ትተው ሞቱ። ማሳቸው ከታናሽ ወንድማቸው ከጣሪቅ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ ወንድማማቾቹ የተካፈሉት በቃል ነው፤ ወረቀት አልነበራቸውም። ጣሪቅ የሚያስታውሰው ድንበር መድና ከምታውቀው አርባ እርምጃ ያህል ወደ እሷ ይገባል። በነዚያ አርባ እርምጃዎች ውስጥ ያለው ሙሐዲንና መድና በተጋቡበት ዓመት የተከሉት ቡና ነው፤ ዛሬ መድና የምትኖረው በእሱ ነው። ጣሪቅን እንደ ክፉ ሰው እንዳያዩብኝ። በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ «ወንድሜ በአፉ የተናገረው ካለ አሰሙኝ፤ ከሱ ቃል ውልፍት አልልም» ያለ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹም ሟቹ ራሱ ይናገር ብለው ለኅዳር 21 ቀን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጡ።

ያ ቃል ያለው በሳጥኗ ውስጥ ነበር። አንድ ቀረጻ ሳስገባ በትክክል መግባቱን ለማረጋገጥ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ማየት ልማዴ ስለሆነ ይህንንም አይቼዋለሁ። በመካከሉ ላይ ሙሐዲን በበትራቸው እያመለከቱ «አስ ኢራ ሀንጋ ዋዴሳ ሰናቲ» ይላሉ፤ ከዚህ እስከዚያች ዋንዛ ድረስ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ማሂራ ዞረው፣ ጫማሽን ጭቃው ሳይውጠው አውልቂ ብለው ይስቃሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ልመስክር ወይ ብዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ላክሁ። በዚያ በኩል ያሉት ዋንዛዎች ሁለት ናቸው፣ በትሩ ያመለከተው የትኛዋን ነው ብለው መለሱልኝ። አላውቅም። ማሂራም ከስድስት መቶ ማሳ በኋላ የትኛዋ እንደነበረች መማል እንደማትችል ነገረቻቸው። የሚያውቀው ቀረጻው ብቻ ነበር።

መድና ኅዳር 9 ቀን ሄርማታ መጣች። ሸኩር በርጩማ አውጥቶላት በታሸገው በር ፊት ተቀምጣ ያንን ጢጥታ ብዙ ሰዓት አዳመጠች። በሩን የዘጋው ምን እንደሆነ ጠይቃኝ ሦስት ፊርማ እንደጎደለ ስነግራት፣ አውራ ጣቷን ዘርግታ፣ «ፊርማ ካነሰ ይኸው፤ ይቺንም ጨምሪበት» አለችኝ።

በማግስቱ ይዣት ወደ እርስዎ መጣሁ። ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀንም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባው አልቆ ስለ ስብሰባው ሪፖርት እየተጻፈ ነበር። በአራተኛው ቀን ከቢሮዎ ማኅተም ያረፈበት አጭር ወረቀት ተሰጠን፤ በታሸገው ክፍል ውስጥ ያለው ቀረጻ የአቶ ሙሐዲን ንብረት በመሆኑ፣ ባለንብረቱ ራሳቸው በአካል ቀርበው እንዲያመለክቱ፣ መቅረብ ካልቻሉ ግን ሕጋዊ ውክልና እንዲልኩ ይላል። መድና አማርኛ አታነብም። ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ፣ ገና እየታየ ነው ብያት ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በሕይወቴ ለአንድ ደንበኛ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

፮. ስለ ጸጥታው

ኅዳር 16 ቀን መብራት ሄዶ ተመለሰ። ሲመለስ ከበሩ ኋላ አንድ ጊዜ ጠሽ የሚል ነገር ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የገበያው ዘበኛ ሲያልፍ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ እመቤት! ያ ነገር ተሻለው መሰለኝ፤ ዝም አለልሽ» አለኝ። ሸኩር መኪናውን አቁሞ፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን» አለ፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን ነው። ከዚያ ተነሥቶ የስፌት ቤቱን የፊት በር ዘጋ፤ ያን ቀን ሌላ ልብስ አልሰፋም።

፯. ስለ ሽማግሌዎቹ

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ቀን እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጠበቁን። ማሂራና እኔ ባዶ እጃችንን ሄድን። የምናሰማው እንደሌለ ስንናገር አንድም ሰው አልተቆጣንም፤ ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው የሚችሉትን አደረጉ፤ የሟች ቃል ካልተገኘ ሕያዋንን ማስታረቅ ነው ብለው አርባውን እርምጃ ለሁለት ከፈሉት። አዲሱ ድንበር የሚያልፈው በዚያ ቡና መካከል ነው። ጣሪቅ ሃያ እርምጃ አግኝቶ ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁም፤ ወንድሙ ምን እንደተናገረ እስኪሞት ድረስ ላያውቅ ነው። መድና ሽማግሌዎቹን መርቃ፣ እኛን ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም ብላ ወደ ቤቷ አስገባችን።

፰. ስለ መከፈቱ

ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 27 ቀን፣ በሩ ተከፈተ። ሦስቱም አባላትዎ በአንድ ላይ ከተማ የተገኙት ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ለሚሰጥ ሥልጠና ተጠርተው ሲሆን፣ ለሥልጠናው አዘጋጆችም ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ማን ቀድሞ ይፈርም የሚለው ጉዳይም ሦስቱ በአንድ ጊዜ በሦስት ወረቀት ላይ በመፈረማቸው ተፈታ። ከሰላምታ እስከ መክፈት የወሰደው ሰባት ደቂቃ ነው። ሰዓቴን አይቻለሁ።

ሦስቱን ዲስኮች ይዤ አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ። እዚያ የጠፋ መረጃ የሚያወጡ አንድ ባለሙያ አንድ ሳምንት ይዘው ሞክረው፣ ሦስቱም ከውስጥ መቃጠላቸውን ነግረውኝ፣ የድካማቸውን እንኳ ሳይቀበሉ መለሱልኝ። እስከዚያ ድረስ የሸኩር ፈቃድ እድሳት የርክክብ ቅጹ አልተፈረመም በሚል ተይዞ ቆየ። ስለዚህ ትናንት ፈረምኩ። ቅጹ ሳጥን አንድ፣ ዲስክ ሦስት፣ ባትሪ አንድ፣ ገመድ አራት ይላል፤ ቆጥሬ ተረክቤአለሁ፤ አንድም አልጎደለም። «የንብረቱ ሁኔታ» በሚለው ፊት «መልካም» ተብሎ ተሞልቷል። ሳጥኗን ከውጭ ለሚያያት ጭረት እንኳ የላትም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምጠይቅዎ ነገር ይኖራል ብለው ሲጠብቁ ከነበረ አሳርፍዎታለሁ። ካሣ አልጠይቅም፤ ለሃያ እርምጃ ቡና የሚሞላ ቅጽ እንደሌለዎት አውቃለሁ። ይቅርታም አልጠይቅም፤ እሱንም ማን አስቀድሞ እንደሚፈርምበት ስትነጋገሩ ሌላ የቡና ወቅት ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ወደፊት የማንንም ክፍል ከማሸጋችሁ በፊት አንድ ሰው ገብቶ ሶኬት ይንቀል። ጉልበት አይፈልግም፤ ትምህርትም አይፈልግም። ይህን በመመሪያ ለማስገባት ምን ያህል ፊርማ እንደሚያስፈልግ ግን ስላየሁ፣ እንደጠየቅሁ እንዳይቆጠርብኝ።

ጽሕፈት ቤትዎ የብዙ ሰው አደራ የሚጠብቅ እንደመሆኑ መጠን፣ እርስዎን ደግሞ የሚጠብቅዎ አይጥፋ፤ በርዎ ክፍት፣ ማኅተምዎ እርጥብ፣ ስብሰባዎ ፍሬያማ ይሁን፤ የሚፈልጉትም ሰነድ በፈለጉበት ቀን በእጅዎ ይግባ። ይህን ስመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ሰነድ በቀኑ አለመገኘቱ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና።

እርስዎን ለማስቸገር ከቶ ያልፈለገች፣ ባለመፈለጓም እጅግ የምትጸጸት አገልጋይዎ፣

ትህትና ዋቅጅራ
ሄርማታ፣ ከሸኩር ልብስ ስፌት ቤት ኋላ
ታኅሣሥ 23 ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሰኞ መድናና ጣሪቅ አዲሱን ድንበር አብረው ዞሩ፤ ማሂራ ቀረጸቻቸው። ቀረጻው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ የተናገረው ጣሪቅ ብቻ ነው፤ መድና ከኋላው እየሄደች በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ራሷን ትነቀንቃለች። ይህ ቀረጻ በአሁኑ ሰዓት በአራት የተለያዩ ቤቶች ተቀምጧል። ቦታዎቹን ለመመዝገብ ኮሚቴዎን ቢልኩ ሻይ አፍልቼ፣ በርጩማ አውጥቼ እቀበላቸዋለሁ፤ ሲጠይቁኝ ግን ድምፄን ከወትሮው ከፍ አድርጌ፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ እንዲሰሙኝ፣ አልናገርም እላቸዋለሁ።